ትከሻው ላይ ያረፈችው ቅጠል

ተመራማሪዋ የብናኝ መለኪያውን ከሠራተኛው ኮሌታ ላይ ነቅላ ቁጥሩን አነበበች። «ይገርማል! እርሳስ በሚቀልጥበት ቤት እንዲህ ያለ ንጹሕ አየር አይቼ አላውቅም።»

የፈረቃው አለቃ ግን ዓይኑ ሠራተኛው ትከሻ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ አንዲት ደረቅ ቅጠል አርፋበታለች። ጠዋት መለኪያው እንደተሰካለት ከምድጃው አንሥቶ፣ «ዛሬ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ሣጥን ስትጠግን ዋል» ያለው እሱው ነበር። ቅጠሏን ማንም ሳያያት አነሣና መዳፉ ውስጥ ጨፈለቃት።

ሠራተኛው የአለቃው እህት ባል ነው፤ መለኪያው የሚለካው እሱ የዋለበትን አየር ብቻ መሆኑን አያውቅም፤ አለቃው ያቆላመጠው መስሎት ፈገግ አለ። አለቃው ዓይኑን ሰበረ። ሠራተኛው ያጣደፈው ሳል እስኪለቀው ጠብቆ ሳቀ፦ «እኔ ደግሞ ይሄን ሳል ያመጣብኝ ምድጃው መስሎኝ በከንቱ ሳማው ከረምኩ! ጋሼ፣ እህትዎን ጭሱ ይጎዳሻል ብለው እዚህ እንዳትቀጠር ከለከሏት አይደል? እንግዲህ ምን ሰበብ አለዎት? እሷንም ያስገቡልኛ!»