ጨረር ያልበገረው ኮምፒውተር

ባሏ በደም ካንሰር በሞተ በዓመቱ፣ እሱ በጨረር ክፍል ሲፈትነው የኖረው የጠፈር መንኮራኩር ኮምፒውተር ፈተናውን አለፈ ተብሎ ድግስ ተጠራች። ጥቁሯን እንደለበሰች ሄደች።

«ነይ እህቴ፣ ባልሽ ያሳደገውን ጉብል እይው!» አለ የባሏ የሥራ ኃላፊ የኮምፒውተሩን ሳጥን እየከፈተላት። «ያን ሁሉ ጨረር ጠጥቶ አንድም አልተሳሳተ።»

«በምን ሸፈናችሁት?» አለች። እሷም መሐንዲስ ናት።

«ጨረር የሚያግደው የታዘዘው የእርሳስ ብረት ከውጭ አልደርስ ሲለን፣ ያገኘነውን ቆራርጠን ነዋ!»

ጎንበስ ብላ ሽፋኑን ዳሰሰችው። ጠርዙ ላይ በቀይ ክር የጠለፈችው የባሏ ስም አለ፤ ጨረር ክፍል ሲገባ የሚለብሰው እርሳስ ያለበት መከላከያ ሽርጥ ነበር።

ኃላፊው ሳቁን ዋጠ።

«ለአንድ ሳምንት ብለን ነበር ከእሱ የተዋስነው» አላት።