ከላቀ ምስጋና ጋር

ወንድሜ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ በስፖርት ሱሪው ኪስ ይዞት መጣ። የወጥ ቤቱን በር እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አለፈና ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ወረቀቱን ሰጠኝ።

«እኔ አልችልም። አንቺ ለአባዬ ንገሪው» አለኝ።

«ምኑን ነው የምነግረው፣ ወንድም ጋሼ?»

«መጀመሪያ አንብቢው።»

ከሚጫወትበት የቅርጫት ኳስ ክለብ ነው። «ተቋማችን በሚያካሂደው የአደረጃጀት ማሻሻያ መሠረት…» ይላል ሲጀምር። ዐይኔ ወደ ታች ሮጠ። ዘጠኝ ዓመት ሲዘልላቸው ለኖረ ሰው የጻፉት መሰናበቻ ከግማሽ ገጽ አያልፍም። ስለ ጉልበቱ አንድ ቃል የለበትም።

ከሳሎን አባዬ ተጣራ። «ቀጭኔው መጣ እንዴ? በሉ እንግዲህ፣ ዜናው ይሰማ።»

«ዜናው» የሚለው የእኔን ነው። የምሠራው የአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰው ሲሾምም፣ ሲሸለምም፣ ሲሰናበትም ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። አባዬ ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲነዳ የጨረሰ ሰው ነው፤ ወንድሜ ክለብ የገባ ሰሞን ቅርጫት ኳስ አልዋጥለት ብሎ ነበር። «ይሄን የሚያህል ጎልማሳ ኳስ ቅርጫት ውስጥ እየከተተ ደሞዝ ይበላል? ይልቅ ሥራ ያዝ በሉት» ይል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ለቀልድ ብዬ የጨዋታውን ዜና ሠራተኞች ኢንተርኔት ላይ ስለ ራሳቸው በሚለጥፉት ቋንቋ ገልብጬ አነበብኩለት። «ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ ትናንት ከባለድርሻ አካላት ጋር በተደረገ ከፍተኛ መገፋፋት አሥራ አንድ ኳሶችን ከብክነት መታደጌን ስገልጽላችሁ ታላቅ ክብር ይሰማኛል። ከሳትኳቸው ሁለት የቅጣት ውርወራዎችም ሰፊ ተሞክሮ ቀስሜያለሁ።» አባዬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ያለ ዜና አላልፍ አለው። ስኳር ዐይኑን ሲይዘውና ቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ ሲሆንበት ደግሞ ጨዋታውን የሚያየው በእኔ አፍ ሆነ። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ የኳስ ሀብት አሰባሰብ ኃላፊ ነው» እያለ ያስቃል፤ ሲያስቅ ግን ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

ወንድሜ ጉልበቱን ከተጎዳ አራት ወር ሆኖታል። በዜናው ላይ እስካሁን «ለአቅም ግንባታ ፈቃድ ወጥቷል» እያልኩ ነው የቆየሁት።

ሳሎን ገብቼ ከአባዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ። በቀጥታ ልነግረው ነበር ሐሳቤ። ክለቡ አሰናበተው፤ ሦስት ቃል አይሞላም።

«ምን ሆነሻል? አንብቢ እንጂ» አለኝ አባዬ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ።

የራሴ ቃል ሲጠፋብኝ ወረቀቱን ዘረጋሁና እንዳለ ማንበብ ጀመርኩ።

«ተቋማችን በሚያካሂደው የአደረጃጀት ማሻሻያ መሠረት፣ የተጫዋቾችን የሰው ኃይል ስብጥር ከስትራቴጂክ ዕቅዱ ጋር ማጣጣም አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ…»

«የሰው ኃይል ስብጥር» አለ አባዬ፤ ጭኑን መታ አድርጎ መሳቅ ጀመረ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ባለፈው ዓመት ብቻ ለአሥራ አራት ሰው ጽፌያለሁ፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ከየት ተነስተው የት እንደሚደርሱ አፌ በቃሉ ያውቀዋል። ዝም ብሎ ቀጠለ።

«…ላበረከቱት የማይተካ አስተዋጽኦ እያመሰገንን፣ በቀጣይ የሙያ ጉዞዎ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን። ከላቀ ምስጋና ጋር።»

አባዬ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። በመሐረቡ ዐይኑን እየጠረገ «ይሄኛውስ ከሁሉም በለጠ። የማይተካ ብለው ሊተኩት? ከየት ነው የምታመጪው፣ አንቺ ልጅ?» አለ።

ከውጭ የሚያልፍ መኪና ጡሩምባ ተሰማ። አባዬ መሐረቡን እንደያዘ ቀረ። ዐይኑ ከደከመ ወዲህ ዝምታን አጥርቶ ይሰማል።

«ወንድምሽ ለምን አልሳቀም?» አለ ቀስ ብሎ።

«አለሁ፣ አባዬ» አለ ወንድሜ ከበሩ።

«መኖርህንማ አውቃለሁ።» ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «አንቺ አይደለሽም የጻፍሽው?»

«አይደለሁም።»

«እነሱ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

መሐረቡን አጣጠፈ። እንደገና ዘረጋው። በልቤ ይጮኻል፣ ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ በደህናው ጊዜ መንገድ የዘጋበትን ሾፌር ሦስት መንደር ድረስ የሚሳደብ ሰው ነው። እሱ ግን ያለው «እኔ ደግሞ ሳቅሁ» ብቻ ነው።

«የሚያስቅ እኮ ነው፣ አባዬ» አለ ወንድሜ።

«ና እስኪ ወዲህ።»

ወንድሜ ክራንቹን እየተደገፈ መጣ። ወንበር ሳብኩለት፤ እሱ ግን ወለሉ ላይ፣ አባዬ እግር ሥር፣ ያንን ረጅም እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። የአባዬ እጅ በአየር ላይ ፈልጎ ፈልጎ መጀመሪያ ትከሻውን፣ ከዚያ ጭኑን፣ በመጨረሻ የተሰፋውን ጉልበት አገኘ። ድሮ ዳገት ከወጣ በኋላ የመኪናውን ኮፈን ግለት በመዳፉ እንደሚለካው ሁሉ፣ ሁለት እጁን ጭኖበት ቆየ።

«ያማል?» አለው።

ወንድሜ አራት ወር ሙሉ ለአሰልጣኙም፣ ለሐኪሙም፣ ለእኔም ደህና ነኝ ሲል ነው የከረመው። አንገቱን ደፍቶ ግንባሩን አባዬ እጅ ላይ አሳረፈ።

«ያማል፣ አባዬ» አለ።