የጎደሉት አሥራ አራት

«እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙት» እላለሁ፣ እስክሪብቶውን ወደ ታማሚዋ ልጅ አባት እየገፋሁ።

እሳቸው ግን እስክሪብቶውን አያነሱም። ከፈቃድ ቅጹ ጋር ያያያዝኩትን የአዲስ መድኃኒት ጥናት ያገላብጣሉ። ስድስት ገጽ ነው፤ የነርሶቹ ክፍል ማተሚያ ቀለሙ አልቆ መሃል መሃሉ ገርጥቷል። የተጻፈበትን ቋንቋ እንደማያነቡ አውቃለሁ። ያያያዝኩትም እንዲያነቡት ሳይሆን እንዲያምኑኝ ነው።

ልጃቸው ከመስታወቱ ወዲያ ተኝታለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የደም ካንሰሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶባታል፤ ያለን መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ አልቋል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ተሰብስበን ልናያት ስንገባ «ሞልቷል! ሌላ አውቶቡስ ጠብቁ!» ብላ አስቃናለች። ዛሬ ቀና የምትልበት አቅም የላትም።

ይህን ጥናት ጠዋት ሳገኝ ብቻዬን ጮህኩ። «ሕክምናውን ከጨረሱት ሕፃናት ሰማንያ በመቶው ተሽሏቸዋል» ይላል ማጠቃለያው። ሰማንያ በመቶ! ከዚያ ወዲያ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል? መድኃኒቱን ለማስመጣት ሦስት ቦታ ደወልኩ፤ አንዱን ለመንኩ፣ አንዱን ተቆጣሁ፣ በአንዱ ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ቅጹን ይዤ እየሮጥኩ መጣሁ።

«ሰማንያ በመቶ ማለት እኮ ከአሥር ስምንቱ ማለት ነው» እላለሁ ደግሜ።

«እሱስ ገብቶኛል ዶክተር። ይቺ ምንድን ናት? ይንገሩኝ።»

ጣታቸው ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሰንጠረዡ አናት ላይ አርፏል። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ናት።

«ሕክምናውን የጀመሩት ልጆች ናቸው።»

«ይቺስ?»

አምስት። «የጨረሱት።»

አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የተሳፈረውንና የወረደውን ሳያጣሩ ሾፌሩን «ሂድ» ብለው እንደማያውቁ፣ ተቆጣጣሪ አንድ ቀን እንኳ ጉድለት እንዳላገኘባቸው ልጅቷ ለነርሶቹ ሁሉ ነግራለች። አሁንም ዓይናቸውን ከወረቀቱ አይነቅሉም።

«አሥራ ዘጠኝ ተሳፈሩ። አምስት ደረሱ» ይላሉ ቀስ ብለው። «አሥራ አራቱ የት ወረዱ?»

ወረቀቱን እቀበላቸዋለሁ። ከሰንጠረዡ ግርጌ፣ ቀለሙ በገረጣበት ቦታ፣ ጉንዳን ጉንዳን የሚያክል ጽሑፍ አለ። ጠዋት አላየሁትም። ኧረ አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩትም እንጂ። ጥናት ስታነቡ ከውጤቱ በፊት ሰዉን ቁጠሩ፣ የጎደለ ካለ የት ገባ በሉ። ይህን በየሳምንቱ ለተለማማጅ ሐኪሞች የማስተምረው እኔ ነኝ። ሳይቆጥር የመጣውን በሰው ፊት አሳፍሬ አውቃለሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለጨነቃቸው ሰው መንታ ያረገዘችውን ልድርላቸው ነበር። ያፈርኩት እፍረት ጆሮዬን ያቃጥለኛል።

«አንብቢልኝ» ይላሉ። አንቱታው ቀርቷል።

«ዘጠኙ ሕክምናው ሳያልቅ ሞተዋል።»

«በበሽታው ነው በመድኃኒቱ?»

«ስድስቱ በመድኃኒቱ ነው። ደም እየፈሰሳቸው።»

«ቀጥይ።»

«ሦስቱ ሥቃዩን አልቻሉትም፤ አቋረጡ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።»

«እነዚያ ተሻላቸው ያልሽኝስ? አሉ?»

የመጨረሻውን ገጽ እገልጣለሁ። «ከተሻላቸው በኋላ ዓመት አልቆዩም። አንዳቸውም።»

ይጮሁብኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቢጮሁብኝም ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን በጣታቸው እየቆጠሩ ነው።

«ዘጠኝና ሦስት አሥራ ሁለት። ሁለት ይቀሩሻል።»

«ሁለቱን ወላጆቻቸው ከሆስፒታል አውጥተው ወስደዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አይታወቅም።»

«ሞቱ ነው የሚለው፣ ወይስ አይታወቅም?»

«አይታወቅም ነው የሚለው።»

ፊታቸው ይፈካል። በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም።

«እንግዲያው ይኖሩ ይሆናላ!»

ለዚህም መልስ አለኝ። የጠፋውን እንደ ሞተ ቁጠሩት፣ ያልታየ ሰው ማስረጃ አይሆንም ብዬ ነው የማስተምረው። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን እከፍታለሁ። እሳቸው ግን እስክሪብቶውን አንስተው ሁለት ቁጥሯ ላይ ክብ ያሰምሩባታል፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ደጋግመው።

«ልጄ፣ ሰው ያላወቀውን እግዜር ያውቀዋል» ይሉኛል። «የጉሉኮሱን መርፌ ንቀይላትና ቤቷ ልውሰዳት።»

አፌን እዘጋለሁ። ቅጹ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

መርፌውን ነቅዬ ጥጥ እጫንላታለሁ። አባቷ ሹራቧን ያለብሷታል፤ እጅጌው ሁለት እሷን ይይዛል። እግሯ ግን አብጦ ጫማው እምቢ ይላል። ተንበርክኬ ማሰሪያውን ማላላት እጀምራለሁ።

«ወዴት ነው?» ትላለች።

«ቤት» ይሏታል።

እኔን ታየኛለች፣ እሳቸውን ታያለች። ከንፈሯ በደረቀበት ፈገግ ይላል።

«ዳንኩ እንዴ?»

ሁለቱም ቁልቁል እኔን ያዩኛል። አንገቴን አቀርቅሬ ማሰሪያውን ከአንዱ ቀዳዳ አወጣለሁ፤ ከዚያ ከሚቀጥለው፤ ከዚያ ከሚቀጥለው።