የግራ ጫማ

የበኩር ልጁ በሞተር ብስክሌት ውድድር ከሞተ ወዲህ፣ አባት ታናሹን አንዳርጌን ማመን አቃተው። ተወዳዳሪዎቹ ክቡን ሜዳ ሲዞሩ የግራ እግራቸውን መሬት ላይ ስለሚጎትቱ፣ እሑድ እሑድ የአንዳርጌን የግራ ጫማ ገልብጦ ይመረምራል።

«ያው ደህና ነው አይደል፣ አባዬ?»

«አታሹፍ! ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ በወንድምህ ቁጥር የሚወዳደረው ማን ነው? ዘንድሮ ስድስት ጊዜ አሸንፏል አሉ። ሌላ ልጅ አልቀብርም!»

«እናቴን! እኔ አይደለሁም።»

ሴት ልጁ የትምወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። «ዛሬም ጫማ ላይ ናችሁ?» አለችና የራሷን ደጃፉ ላይ አውልቃ እግሯን ልትታጠብ ገባች።

አባት ደጃፉ ላይ የተወቻቸውን ጫማዎች ወደ ጥግ ሊያደርግ አነሳቸው። የቀኙ ሶል ደህና ነበር። በግራው ሶል ጣቱ ዘልቆ ወጣ።