ማላቲና የሙሩድ ባሕር

ዲንካር ሳዋንት ሠላሳ አራት ዓመት የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ለራሱ አንድ ቀን እንኳ ሳይዝናና እንዳረጀ ተሰማው። የዲዋሊ በዓል መብራቶች ከሰገነቱ በወረዱ ማግስት የምግብ ጠረጴዛውን አስጠርጎ ካርታ ዘረጋበት።

ዕቅዱ ጥድፊያ የሌለበት ነበር። ከሚኖሩባት ከፑኔ ተነስቶ ተራራውን መውረድ፣ ሙሩድ ላይ ከባሕሩ መገናኘት፣ ከዚያ ዳር ዳሩን ይዞ እስከ ማልቫን። ስድስት ቀን። ጠዋት ምሽግ መጎብኘት፣ ቀትር ላይ ዓሣ መብላት፣ አመሻሽ ላይ አሸዋው ላይ መቀመጥ። መስመሩን በቀይ እርሳስ እያሰመረ ያፏጭ ነበር።

ሚስቱ ማላቲ ሻይ ይዛለት መጣችና በትከሻው አሻግራ ካርታውን አየች።

«ዓርብ በማለዳ ባሕር ውስጥ ወዳለው የሙሩድ ምሽግ አይሂዱ» አለችው። «ነፋስ ካልተነሳ ጀልባዎቹ አይንቀሳቀሱም። ከአራት ሰዓት በኋላ ይሻላል።»

እርሳሱ ቆመ። ማላቲ ተወልዳ ያደገችው ከባሕር በራቀ አገር ነው። ባሕር አይታ እንደማታውቅ ነበር የሚያምነው።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው» አለችና ሻዩን አስቀምጣለት ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ አላረፈም። ሙሩድ ላይ የት እንደሚበሉ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ከገበያው ጀርባ አንድ ቤት እንዳለና እዚያ ከዓሣው ሸርጣኑ እንደሚሻል ነገረችው። መንገዳቸው ላይ ባለችው ሃርናይ ዓሣ ከጀልባ ወርዶ በጨረታ የሚሸጥበትን ሰዓትም ታውቃለች። እንዴት እንዳወቀች ሲጠይቃት መልሷ ያው ነው፣ ሰው ነገረኝ። ከዚያ ፊቱን ትክ ብላ ታየውና ወሬ ትቀይራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰገነቱ ላይ ስልክ ስታወራ በመጋረጃው በኩል ሰማት።

«አዎ፣ ያው ክፍል ይሁን፤ የምድር ቤቱ» ትላለች። «እሳቸው አያውቁም። ስንመጣም ምንም እንዳትነግራቸው። አደራህን።»

የምታወራው ከወንድ ጋር ነው።

አርባ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ዕቃዋን በርብሮ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ገበያ እስክትወጣ ጠብቆ ቁም ሣጥኗን ከፈተ። ከሳሪዎቿ ሥር አንድ ፎቶግራፍ አገኘ። ማላቲ ባሕር ውስጥ ከተተከለ ጥቁር ግንብ ፊት ቆማለች፤ የሳሪዋን ጫፍ ነፋስ አንስቶታል። ፀጉሯ እንደ አሁኑ ነጭ ነው። ፎቶ ወደሚያነሳት ሰው እያየች ትስቃለች። እሱ እንዲህ ስትስቅ ያያት መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

አምና በታኅሣሥ ናግፑር ልጃቸው ዘንድ ሰነበትኩ ማለቷ ትዝ አለው። ወይም ትዝ ያለው መሰለው። ለልጁ ለኬታኪ ደወለና እናቷ በእርግጥ መጥታ እንደነበር ጠየቃት።

«አባባ፣ እማማ የምታደርገውን ታውቃለች» አለችው ኬታኪ። «እባክዎ አያስጨንቋት።»

ልጁም ከእናቷ ጋር መክራለች ማለት ነው። ካርታውን ሊቀደው አንስቶ መልሶ አጠፈው። ቢቀር ሰውዬውን መቼም አያገኘውም፤ ቢሄድ ግን ፊት ለፊት ያየዋል።

ሐሙስ ንጋት ላይ ተነሱ። የምትነዳው ማላቲ ናት፤ የመኪናውን ቁልፍ ከወሰደችበት ቆይታለች። ተራራውን ሲወርዱ እሱ ካርታውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ነበር። እሷ ግን መንገድ ሳትጠይቅ፣ ምልክት ሳታነብ፣ ሙሩድ ከገበያው ጀርባ፣ ከኮኮናት ዛፎቹ መሃል፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ አቆመች።

ፀጉሩ የሸበተ ዓሣ አጥማጅ «ካኩ!» እያለ ወጣ፤ አክስቱን የሚቀበል ነው የሚመስለው። ስሙ ዳሙ ነው። ሻንጣዋን ተቀብሎ ሳይጠይቅ ወደ ምድር ቤቱ ክፍል ወሰደው። ምሳ ሲቀርብም ሸርጣኑ ሳያዝዙት መጣ።

ዲንካር እጁን ከሳህኑ ላይ አነሳ።

«እዚህ መጥተሽ ታውቂያለሽ።»

«ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አለች ማላቲ።

«ከማን ጋር ነው የመጣሽው?»

ወደ ዳሙ ዞረ።

«አንተ ነህ?»

ዳሙ ደንግጦ እንደሚምል ሰው ሁለት ጆሮዎቹን ያዘ። «ካካ፣ እሳቸው እኮ ለኔ እናቴ ናቸው።»

«እንግዲያ ማን ነው? ስም አለው አይደል? አብሯት ያደረው ሰው ስም የለውም?»

ጎረቤት ሁሉ የሰማ መሰለው። ማላቲ የሳሪዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ፣ ፈትታ፣ እንደገና ጠቀለለችው።

«ዘንድሮ እንኳን ሳይጠይቁኝ ያልፋሉ ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ካርታውን ሲዘረጉ ደስ ብሎዎት ነበር።»

«ስሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

ዳሙ ማላቲን አየ። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ዳሙ ገብቶ የእንግዶች መዝገቡን አመጣና ገጹን ገልጦ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው፤ ከዚያ እዚያ መቆሙ ከብዶት ወጣ።

ዲንካር መነጽሩን አደረገ። ጣቱን ከላይ ጀምሮ በስሞቹ ላይ ወደ ታች እየነዳ የማላቲን ስም ፈለገ።

አምና፣ ካቻምና፣ ከዚያም በፊት በነበረው ዓመት፣ በዚያው በታኅሣሥ፣ «ዲንካር ሳዋንት ከነባለቤቱ» ተብሎ ተጽፏል፤ በገዛ እጁ ጽሕፈት።