የጓዳው ወለል

ተሻለ ጅጅጋ ውስጥ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ሲያሳጥር ይውላል። ሱሪ ያሳጥር እንጂ ምላሱን ማሳጠር ግን አልሆነለትም።

ቤቱን ያገኘው ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ነው። ባለቤቶቹ ወደ ሶማሊያ ሸሽተው ባዶ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ አንድ መቶ አለቃ ሁለት ዓመት ኖረበት፤ እሱ ሲዛወር ተሻለና ሚስቱ ካሳነሽ ገቡ። እንግዳ መቀበያውን ሲሚንቶ ያስለሰነው ተሻለ ነው። ጓዳው ግን ሲገቡም በተጠረበ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነበር፤ በበጋ የሚቀዘቅዝ፣ የሚያምር ወለል። ካሳነሽ ሁለት ልጆቿን የወለደችው እዚያ ነው። እንግዳ አይገባበትም።

በ1983 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትፈርስ የሸሹት ተመለሱ። ከተመለሱትም አንዷ ሆዶ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ዓይናቸው በስደት ጠፍቷል፤ የልጅ ልጃቸው ሙና እየመራች ታስኬዳቸዋለች። ተሻለና ጎረቤቱ ረዲ ከሚኖሩባቸው ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች አንዱ የእኔ ነው አሉ። የቱ እንደሆነ ግን መለየት አቃታቸው።

የሰፈሩ ሽማግሌ ዋበሪ ነገሩን ለተሻለ ሊነግሩት በረንዳው ድረስ መጡ።

«አዴር፣ ዓይናቸው ካላየ በምን ይለዩታል?» አለ ተሻለ፣ በሶማልኛ አጎቴ ብሎ እየጠራቸው።

«በእግራቸው» አሉ ዋበሪ። «ግድግዳው ቢቀባ፣ በሩ ቢቀየር፣ የወለድኩበትን ጓዳ እግሬ አይስተውም ብለዋል። ሁለቱንም ይረግጣሉ። አይደለም ካሉ በቁርአን ምለው ዳግም ላይጠይቁ፣ ነው ካሉ ቤቱን ሊረከቡ ተስማምተናል። ዐርብ ከጁምዓ በኋላ እንመጣለን።»

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ጨመሩ። ሴትዮዋ የሚፈልጉት የሚሞቱበት አንድ ክፍል ብቻ ነው። ተሻለ ከጓሮው አንዷን ክፍል ቢለቅላቸው መርገጡም ሆነ መማሉ አያስፈልግም።

ተሻለ ሳቀ። ዛሬ ለአንዲት አሮጊት ጓሮ የሰጠ ነገ ለዘር ማንዘሯ ሳሎኑን ይለቃል አለ። ዋበሪ ተሰናብተው ሄዱ።

ብቻውን ሲቀር ግን ሳቁ ጠፋ። የረዲን ጓዳ ያውቀዋል፤ ሲሚንቶ ነው። እንደ እሱ ጓዳ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ወለል በመንደሩ የለም። ዓይነ ስውር እግር ይህን ካላስታወሰ ምን ሊያስታውስ ነው? አሮጊቷ አንዴ ከረገጡት ያለቀ ነገር ነው። ልጆቹን ይዞ የት ይገባል?

ማታ ለካሳነሽ ነገራት።

«ጓሮውን እንስጣቸው» አለች። «ምን ይወስዱብናል?»

«አርፈሽ ተቀመጪ።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ተሻለ።»

በማግስቱ የስፌት መኪናውን አጥፎ ድጅኖ አነሳ። ለጠየቀው ሁሉ ወገቤን አሞኛል አለ፤ በሦስተኛው ቀን እውነትም አመመው። ድንጋዩን አንድ በአንድ እየነቀለ በተተወው የሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመረው። የወጣቱን የረዲን እርዳታ እንኳ መጠየቅ አልቻለም፤ ምስጢር ነዋ። መዳፉ ተልጦ ደም ቋጠረ።

አንድ ነገር ብቻ ቀናው። ከድንጋዩ ስር ያለው መሬት እንደፈራው ጎርበጥባጣ አልነበረም። ጥቅጥቅ ያለ፣ የተስተካከለ፣ ከዳር እስከ ዳር ልስልስ ያለ ነው። አንድ ዙር ብቻ ቢለቀለቅ በቃ። እግዜር ከእኔ ጋር ነው አለ። ከከብት ገበያ እበት አምጥቶ ለካሳነሽ ሰጣት፤ እሷም እንባዋን እየዋጠች ከጭቃ ጋር አቡክታ ለቀለቀችው። ሐሙስ ሲመሽ የድሃ ጓዳ መስሎ ደረቀ።

ዐርብ መጡ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሆዶ በሙና ትከሻ ላይ ተደግፈው ከኋላ። መጀመሪያ ረዲ ቤት ገቡ። ተሻለ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ቀሰረ። ሆዶ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ።

«አይደለም» አሉ።

ረዲ በረጅሙ ተነፈሰ። ተሻለ ግን የቀረው የእሱ ቤት ብቻ መሆኑን አሰበ። ድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን ለራሱ ደጋግሞ ነገረውና ትንሽ ተረጋጋ። እንዲያውም በሩን ከፍቶ፣ ደረጃው እንዳያደናቅፋቸው የሆዶን ክንድ ይዞ በአክብሮት አስገባቸው። በልቡ ደህና ይሁኑ እያላቸው ነበር።

ሆዶ ሲሚንቶውን አልፈው ጓዳው ገቡ። በባዶ እግራቸው አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት ሄዱ። ከዚያ ቀስ ብለው ተንበረከኩና ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱት። ካሳነሽ ግድግዳው ጥግ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ተሻለ የመጣበትን ፈገግታ በጭንቅ በእጁ ደበቀ።

ዋበሪ ጎንበስ ብለው፣ ምን አሉ ሆዶ፣ ብለው ጠየቁ።

«ድንጋይ ወይ ሲሚንቶ ብረግጥ ኖሮ ምዬ ልመለስ ነበር» አሉ አሮጊቷ እያለቀሱ፤ «ይሄ ግን በገዛ እጄ የለቀለቅሁት ጭቃዬ ነው።»