አፉ የተሰፋ ቦርሳ

«ቦርሳዬን ማን ወሰደብኝ?»

«ያውልሽ፣ እጅሽ ላይ» አላት ልብስ ሰፊው አባቷ።

«ይሄ የኔ አይደለም። የኔ አፉ የተሰፋ ነው።»

ልክ ነበረች። ትናንት ቦርሳውን ራሷ ስትሰፋ፣ በታቹ ፈንታ አፉን ሰፍታው ስታለቅስ ነበር፤ እሱም ትምህርት ቤት ስትሄድ ጠብቆ፣ የደንበኛ ሥራ አስቀምጦ፣ ፈትቶ አሳምሮ ሰፋላት። ደስ ሲላት ለማየት በር በሩን ሲያይ ዋለ። እናቷ ከሄደች ወዲህ በዚያች ክፍል ብዙ የሚያወራው የስፌት መኪናው ነበር።

ልጅቷ መቀስ አንስታ የአባቷን ቀጥ ያለ ስፌት እየለቀመች ፈታችው። ከዚያ አባቷ ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ የቦርሳው አፍ ላይ «እዚህ አይሰፋም» ብላ ጻፈችና መርፌዋን ከታች ሰካች። ስፌቱ እንደገና ተጣመመ። አላለቀሰችም።

አባት ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ትንሽ ልርዳሽ እንዴ፣ የኔ እመቤት?»

«አንተ ሥራ የለህም?» አለችው።